የቀድሞ መኪኖች የእሳት ሥርዓት፦ ከመቀየር በፊት መለካት

መግቢያ

እንደሚታወቀው የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነሱም በትክክል የተመጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ በቂ እመቃ (ኮምፕሬሽን) እና በሰዓቱ የሚደርስ እሳት ናቸው። ከሦስቱ ውስጥ በአገራችን ጋራዦች ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በሦስተኛው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መኪናው ይንጠባጠባል፣ ካንዴላ ይቀየራል። አሁንም ይንጠባጠባል፣ ኮንደንሰር ይቀየራል። ቀጥሎ ፑንቲና፣ ቀጥሎ ቦቢና እየተባለ ይሄዳል። በመጨረሻ መኪናው ቢነሳ እንኳ የትኛው ዕቃ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በፑንቲና የሚሠሩ መኪኖች የእሳት ሥርዓት እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደሚፈተሽና እንዴት እንደሚሻሻል ለክፍላችን ተማሪዎች ለማሳየት ነው። «ይህ ጊዜው ያለፈበት ነገር አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ የቤንዚን ላንድሮቨርና አንዳንድ ቶዮታ ዲኤክስ ዛሬም በመንገዳችን ላይ አሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠብቆ ማቆየት የበለጠ ዋጋ አለው። ከዚህም በላይ እንደ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች የሚሠራ ባለሙያ በስካነር ሳይሆን በአምፖልና በመልቲ ሜትር ችግር ማግኘት ይጠበቅበታል።

1. አጭር ታሪክ

በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች እሳት ማግኘት ትልቅ ራስ ምታት ነበር። ዳይምለር በ1880ዎቹ (በፈረንጆች) በሠራው ሞተር ላይ የተጠቀመው በነበልባል የሚግል ቱቦ ነው። ካርል ቤንዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1886 ባለፈቃድ ባደረገው መኪናው ላይ ባትሪና ተንቀጥቃጭ ቦቢና ተጠቀመ። ሮበርት ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1897 ማግኔቶን ለመጀመሪያ ጊዜ በተሽከርካሪ ላይ አስገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ የእሱ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀረበ። ማግኔቶ ባትሪ አይፈልግም፤ ሞተሩ ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የደረሱት ለዳግማዊ ምኒልክ ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ናኬ የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1908 አስገብተዋል። እነዚህ መኪኖች ከባሕር ጠረፍ ተነስተው ከ2300 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ መውጣታቸውን አንባቢ ልብ ይበል። ስለ ከፍታ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

በዚያው በ1908 ፎርድ ሞዴል ቲን ማምረት ጀመረ። ይህ መኪና ለአራቱ ሲሊንደሮች አራት ተንቀጥቃጭ ቦቢናዎች በእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበሩት። ኃይሉን የሚያገኙት በፍላይዊሉ ላይ ከታሠሩ 16 ማግኔቶች ነበር። የእሳቱን ሰዓት የሚያስተካክለው ሹፌሩ ራሱ በመሪው ሥር ባለ እጀታ ነው። ሞተሩን በማኖቬላ ሲያዞር እጀታውን ወደ ኋላ መመለስ ከረሳ፣ ፒስቶኑ ሳይደርስ እሳት ይመጣና ማኖቬላው ወደ ኋላ ይመታዋል። የክንድ ስብራት በዘመኑ የተለመደ ነበር።

ይህን ሁሉ የቀየረው ቻርለስ ኬተሪንግ ነው። እሱ የነደፈው የባትሪ፣ የፑንቲናና የአንድ ቦቢና ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1910 በካዲላክ መኪና ላይ ወጣ። በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ደግሞ ሞተሪኖ ተጨመረና ማኖቬላ ቀረ። ዛሬ ቮልስዋገን ወይም ላዳ ከፍተን የምናየው ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው የኬተሪንግ ሥርዓት ነው።

2. አሠራሩ

ፑንቲናው ሲገጥም የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ወፍራም ጥቅል (ፕራይመሪ) ውስጥ ያልፍና መግነጢሳዊ ኃይል ይከማቻል። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በድንገት ይቋረጣል፣ የተከማቸው መግነጢስም ይፈርሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሺህ ዙር ባለው ቀጭን ጥቅል (ሰከንደሪ) ውስጥ 20 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ ሊፈጠር ይችላል። ዲስትሪቢውተሩ ይህን ተራው ወደ ደረሰው ካንዴላ ይልከዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚዘለለው የኮንደንሰር ጉዳይ አለ። ኮንደንሰሩ ባይኖር ኤሌክትሪኩ በፑንቲናው አፍ ላይ በብልጭታ እየዘለለ ይቀጥላል እንጂ በድንገት አይቋረጥም። ስለዚህ ኮንደንሰር ፑንቲናን ከመቃጠል ብቻ ሳይሆን የካንዴላውን እሳት ከመድከም ያድናል።

ሌላው መታወስ ያለበት በቦቢናው የሚከማቸው ጉልበት የሚለካው በኤሌክትሪኩ መጠን በራሱ ተባዝቶ መሆኑ ነው። ኤሌክትሪኩ በ10 በመቶ ቢቀንስ ጉልበቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል። ትንሽ የምትመስል ዝገት ትልቅ ጉዳት የምታደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ከፍታና የአባይ በረሃ

ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከደጀን ወርደን የአባይ ድልድይ ስንደርስ ግን ከፍታው 1000 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ግፊቱም ወደ 90 በመቶ ይጠጋል።

ይህ ለእሳት ሥርዓት ምን ማለት ነው? ብልጭታ በካንዴላው ጫፎች መካከል ለመዝለል የሚፈልገው ቮልቴጅ በጫፎቹ ርቀትና በአየሩ እፍግታ ይወሰናል። አየሩ ሲሳሳ በትንሽ ቮልቴጅ ይዘልላል፣ ሲታፈግ ብዙ ይፈልጋል። ስለዚህ ደከም ያለ ቦቢና ደብረ ወርቅ ላይ «ደህና» ይሠራል። አባይ ወርዶ ሽቅብ ሲጀምር ግን ሹፌሩ ነዳጅ ሙሉ ይረግጣል፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ከደጋው በ20 በመቶ ያህል ይበልጣል፣ የሚፈለገው ቮልቴጅም አብሮ ይጨምራል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። የመዳብ ሽቦ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይቋቋማል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 3 ኦም የነበረ ቦቢና 80 ዲግሪ ሲደርስ 3.7 ኦም ገደማ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ ከ4 አምፔር ወደ 3.2 ይወርዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል። በአጭሩ፣ ብዙ እሳት በሚፈለግበት ቦታ ትንሽ እሳት ይገኛል ማለት ነው።

ተቃራኒው ጉዳይም አለ። በደጋ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ ስስ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። በመሆኑም ታይሚንጉ ጥቂት ቢቀድም ሞተሩ ጉልበት ያገኛል። ለደጋ የቀደመ ታይሚንግ ግን በረሃ ሲወርድ ሞተሩን ሊያንኳኳ ይችላል። የዲስትሪቢውተሩ ቫክዩም ከፍታን አይለይም፣ የሚያነጻጽረው ከውጭው አየር ጋር ነውና። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ለሚመላለስ መኪና ታይሚንጉን ከፋብሪካው ልክ ብዙ ማራቅ አይመከርም።

4. የምርመራ ቅደም ተከተል

ከዚህ በታች ያሉትን እርምጃዎች ሳይዘልሉ በተራ መሥራት ይገባል። ከመጀመሪያው ሳያልፉ ሦስተኛው ላይ የሚገኝ ውጤት እምነት አይጣልበትም።

ሀ. ባትሪ፦ አርፎ የቆየ ጤነኛ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪው፣ ገመዱና ሞተሪኖው ይታዩ።

ለ. ወደ ቦቢና የሚደርሰው ቮልቴጅ፦ ቁልፉን ከፍተን ፑንቲናው በገጠመበት ሁኔታ የቦቢናውን መግቢያ እንለካለን። ከባትሪው ጋር ያለው ልዩነት ከግማሽ ቮልት መብለጥ የለበትም። ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪክ ስለማያልፍ የተበላሸ ሽቦም ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ስለዚህ ፑንቲናው መግጠሙን አለማረጋገጥ ያሳስታል። (በፋብሪካ ባላስት ሬዚስተር ያላቸው መኪኖች እዚህ ላይ ዝቅ ያለ ቮልት ማሳየታቸው ጤነኛ ነው።)

ሐ. ፑንቲና፦ አሁንም እንደገጠመ በቦቢናው መውጫና በሞተሩ ቦዲ መካከል እንለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ፑንቲናው ቆሽሿል፣ ወይም ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለው የቦዲ ግንኙነት ላልቷል። ክፍተቱ ለቮልስዋገንና ለላዳ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ፑንቲናው ገጥሞ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። በ3000 ዙር አራት ሲሊንደር ሞተር በሴኮንድ 100 እሳት ይፈልጋል፤ ቦቢናው በአንዱና በሌላው መካከል ለመሙላት የሚያገኘው ከሴኮንድ መቶኛ ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ መቀነስ አይቻልም። ሌላው፣ ክፍተት ሲነካ ታይሚንግ አብሮ ይነካል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክፍተት ይቀድማል፣ ታይሚንግ ይከተላል።

መ. ኮንደንሰር፦ መጠኑ ባብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮ ፋራድ ነው። ተራ መልቲ ሜትር በጥቂት ቮልት ስለሚለካ የሚያፈስ ኮንደንሰርን «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ኮንደንሰሩ በሥራ ላይ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይመጣበታል። በወርክሾፓችን በ250 ቮልት የሚሠራ የኢንሱሌሽን መለኪያ ካለ በእሱ መፈተሽ ይሻላል። ከሙከራው በኋላ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቶ ማራገፍ አይረሳ። ኮንደንሰር ቀዝቅዞ ሠርቶ ሲሞቅ የሚከዳ ዕቃ ስለሆነ አሙቆ መፈተሽም ያስፈልጋል።

ሠ. ቦቢና፦ ያለ ሬዚስተር የሚሠራ የ12 ቮልት ቦቢና ፕራይመሪው ከ3 እስከ 4 ኦም ገደማ፣ ሰከንደሪው ብዙ ሺህ ኦም ነው። የሽቦዎቹ አቅጣጫም መታየት አለበት። ቦዲው ኔጌቲቭ በሆነ መኪና ወደ ዲስትሪቢውተር የሚሄደው የቦቢናው ኔጌቲቭ ነው (በቦሽ ቦቢና ላይ 1 ቁጥር፤ ከቁልፉ የሚመጣው 15 ቁጥር)። ከተገለበጠ መኪናው ይነሳል፣ ነገር ግን ካንዴላው የሚፈልገው ቮልቴጅ ይጨምራል። በአንዳንድ የቆዩ የእንግሊዝ መኪኖች ቦዲው ፖዘቲቭ ስለሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ረ. ክዳን፣ ሮተርና ገመዶች፦ በክዳኑ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ ያመልጣል። ስስ አየር በካንዴላው ውስጥ እንደሚረዳን ሁሉ በክዳኑ ላይ ይጎዳናል፣ እሳት በደጋ በውጭ በኩልም በቀላሉ ይዘልላልና። በክረምት ጤዛና ጭቃ ሲጨመር ይብሳል። ማታ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን እያሠሩ ማየት ቀላል ምርመራ ነው።

ሰ. ካንዴላ፦ ክፍተቱ ለቀድሞ መኪኖች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። በደጋ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እሳቱም ሳይዘል ወደ ቦዲ ይፈስሳል። ይህ የካርቡሬተር እንጂ የእሳት ሥርዓት ጥፋት አይደለም።

አሁን ስለ አንድ የተለመደ ሙከራ ልናገር። ካንዴላ ፈትቶ ቦዲ ላይ አስደግፎ «እሳት አለው፣ ደህና ነው» ማለት በየጋራዡ ይዘወተራል። ያቺ ብልጭታ በክፍት አየር ለመዝለል የምትፈልገው ጥቂት ሺህ ቮልት ብቻ ነው። በእመቃ ውስጥ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ያስፈልጋታል። በመሆኑም ሙከራው የሞተ ቦቢናን ይለያል፣ የደከመን ግን አይለይም። ሰፊ ክፍተት ያለው መሞከሪያ መጠቀም ይገባል። ይህም ከፍታን ማሰብ ይጠይቃል፤ በባሕር ጠለል በ6 ሚሊ ሜትር የሚፈተሽ ቦቢና ለተመሳሳይ ቮልቴጅ ደብረ ወርቅ ላይ በ8 ሚሊ ሜትር መፈተሽ አለበት። ገመዱን ግን ፈጽሞ ክፍት አድርጎ መተው አይገባም። መውጫ ያጣ ቮልቴጅ የቦቢናውን ወይም የማግኔቶውን ኢንሱሌሽን ይበሳል።

በተንቀጥቃጭ ቦቢና ለሚሠሩት እንደ ሞዴል ቲ ላሉት ሥርዓቱ ይለያል። ብዙ ሰው የሚያስተካክላቸው የጩኸቱን ድምፅ እየሰማ ነው። ጆሮ ግን ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱን ቦቢና በአምፔር መለኪያ 1.3 አምፔር ገደማ ላይ ማድረግና አራቱን እኩል ማድረግ ነው። እኩል ካልሆኑ ሲሊንደሮቹ እሳት የሚያገኙበት ሰዓት ይለያያል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል።

5. አንድ ምሳሌ

ከደብረ ወርቅ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለስ አንድ ቮልስዋገን ለመመርመር ዕድል አግኝቼ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት ናቸው። «ልጄ፣ ቦቢና ሁለቴ ቀየርኩ፣ ኮንደንሰር ሁለቴ ቀየርኩ። እዚህ ምንም አይለውም፤ አባይ ስገባ ግን ይከዳኛል» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ ምንም አንቀይርም፣ መጀመሪያ እንለካ» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ገባኝ፤ በአባይ ዳገት ላይ ጠባብ ኩርባ መሐል ሞተር የጠፋበት ሰው መለካት የሚባል ነገር ሲሰማ ቢስቅ አይፈረድበትም።

ባትሪው 12.4 ቮልት ነበር። ፑንቲናው እንደገጠመ ቦቢናው መግቢያ ላይ 10.6 ብቻ ተገኘ። በመውጫው በኩል ደግሞ 0.4 ነበር። ስለዚህ ቦቢናው በትክክል የሚያገኘው 10.2 ቮልት ነው። ከ12 ቮልት ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ ወደ 72 በመቶ ወርዷል። በበረሃው ሙቀት ደግሞ ከዚህ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲቀነስ የሚቀረው ከግማሽ በታች ነው። ሁለቱም የተቀየሩ ቦቢናዎች ጤነኞች ነበሩ ማለት ነው።

ሽቦውን ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ እየተከተልን ስንለካ፣ ከጠፋው 1.8 ቮልት አብዛኛው የቁልፍ ማስነሻው ውስጥና አንድ በዛገ መጋጠሚያ ላይ ተገኘ። መጋጠሚያው ጸዳ፤ ለቦቢናው ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ በፊውዝ የተጠበቀ አዲስ ሽቦ በሪሌ ተሰጠው። የድሮው ሽቦ ሪሌውን ብቻ እንዲያዝ ተደረገ። ፑንቲናው ተስተካከለ፣ በመጨረሻም ታይሚንጉ ተያዘ። ቦቢናው ላይ 12.1 ቮልት ሆነ። መኪናው ከዚያ በኋላ አባይን ተሻግሮ ተመልሷል። ወጪው ከአንድ ቦቢና ዋጋ በታች ነበር።

6. ማሻሻል

ማሻሻል ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ኤሌክትሮኒክ ሞጁል መግጠም ነው። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ የሚከተለው መሆን አለበት።

አንደኛ፣ ሽቦና ቦዲ ማጽዳት፣ አስፈላጊ ከሆነም ከላይ እንዳየነው ሪሌ መጨመር። ሁለተኛ፣ ጥሩ ፑንቲናና የተፈተሸ ኮንደንሰር መግጠም፤ በካሙ ላይ ጥቂት ግሪስ ማድረግ። ግሪስ ከሌለ የፑንቲናው እግር ይበላና ክፍተቱ ይጠብባል። ሦስተኛ፣ ፑንቲናውን ሳያስወግዱ በትራንዚስተር ማገዝ። በዚህ ጊዜ በፑንቲናው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ አይቃጠልም። ትራንዚስተሩ ቢበላሽ ሁለት ሽቦ መልሶ እንደ ድሮው መሄድ ይቻላል። አራተኛ፣ ፑንቲናውን ሙሉ በሙሉ በማግኔት ሴንሰር መተካት። ይህ ለከተማ መኪና መልካም ነው። ነገር ግን ሞጁሉ የሚፈልገውን የቦቢና ኦም ማረጋገጥ ግድ ነው፤ ኦሙ ካነሰ ሞጁሉ ይቃጠላል። ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይሠራ መተውም ብዙዎቹን ይጎዳቸዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ አራተኛውን ብቻ ይመክራሉ፣ ምክንያታቸውም ትክክል ነው፤ ሴንሰር አያልቅም፣ ታይሚንጉም አይንቀሳቀስም። ሆኖም ሞጁል ሲሞት ምልክት አይሰጥም፣ መንገድ ላይም አይጠገንም። ፑንቲና ግን እየደከመ ይነግርሃል፤ ደጀን ላይ በካቻቢቴና በብርጭቆ ወረቀት ቤት የሚያደርስ ጥገና ይቀበላል። ስለዚህ ሞጁል የገጠመ ባለመኪና የድሮውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከነሳህኑ በመኪናው ውስጥ እንዲይዝ ብናሳስብ መልካም ነው።

ለተንቀጥቃጭ ቦቢናዎች ዋናው ማሻሻያ በውስጣቸው ያለውን የወረቀት ኮንደንሰር በዘመናዊ የፊልም ካፓሲተር መተካት ነው። የድሮዎቹ ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ያፈሳሉ። ለማግኔቶ ደግሞ የደከመውን ማግኔት እንደገና ማግነጥ ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት የፑንቲና ሥርዓት ጥቂት ዕቃዎች ብቻ ያሉት፣ እያንዳንዱም በቀላል መሣሪያ የሚለካ ነው። መለካት ያልተማረ ባለሙያ ግን ደንበኛውን ዕቃ ያስገዛዋል። ደንበኛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያቺን መኪና ለእንጀራው የያዛት ሰው ነው።

ለክፍላችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በወርክሾፑ ልምምድ ላይ ተማሪው ዕቃ ከመፍታቱ በፊት የባትሪ፣ የቦቢና መግቢያና የፑንቲና ቮልቴጅ በወረቀት ጽፎ ለአስተማሪው እንዲያሳይ ቢደረግ። ሁለተኛ፣ የኮንደንሰርና የቦቢና ምርመራ ሲሰጥ ዕቃውን አሙቆ መፈተሽ እንዲጨመርበት። ሦስተኛ፣ ስለ ታይሚንግና ካርቡሬተር በምንማርበት ጊዜ በመጽሐፉ ያለው ልክ ለባሕር ጠለል የተሰጠ መሆኑ እንዲነገረንና ለደጋው እንድናሰላ። ይህን የለመደ ተማሪ ነገ ሴንሰርና ኮምፒውተር ያለው መኪና ቢመጣለትም አይደናገጥም፤ እዚያም ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ቮልት ደረሰ?» የሚለው ነው።